የመስኮቱ ራጅ

ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ «መልክ ከፈጣሪ፣ ፎቶ ከእኛ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «አሳማሪው» ነው የሚለው። ጠባሳ ያጠፋል፣ የወለቀ ጥርስ ይተክላል፣ የተኳረፉ ባልና ሚስትን አጠጋግቶ ያስተቃቅፋል እየተባለ ይወራለታል። እኔ የፈለግኩት ግን አሳማሪ አልነበረም። አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጀርባው ነጭ፣ ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት፣ በኮምፒውተር ምንም ያልተነካካ ፎቶ ነበር የፈለግኩት፤ ለእናቴ አራት፣ ለታናሽ እህቴ አራት። መመሪያውን አትሜ ይዤ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

«ገብቶኛል እህቴ» አለኝ ካሜራውን እየጠረገ። «ከዚህ ወንበር ተነስቶ ስንቱ አውሮፕላን ላይ እንደተቀመጠ ብታውቂ!»

እናቴ ሻርፗን አውልቃ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ የግራ ትከሻዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።»

«አደረግኩት።»

«ትንሽ ይጨምሩ።»

«ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከፍ የሚለው የቤት ኪራይ ብቻ ነው።»

እናቴ ልጅ ሳለች ከደረጃ ወድቃ ከአንገቷ ሥር እስከ ትከሻዋ ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሲገጥም ተጣሞ ገጠመ። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ ቦርሳ አይቀመጥበትም። እኛ ለምደነው አይታየንም።

እህቴ በተራዋ ተቀመጠችና «በጎን ይሻላል ወይስ ፊት ለፊት?» አለች።

«ሚጡ፣ ቪዛ ነው እንጂ ባል አይደለም የምትፈልጊው። ቀጥ በይ።»

«ሚጡ አትበይኝ። ሃያ አንድ ልሞላ ነው።»

እሱን መቼ ረሳሁት! አስራ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀራት። አባታችን ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሚኖርበት ውጭ አገር ሆኖ የቤተሰብ ማመልከቻውን ሲያስገባ የሦስታችንንም ስም ጽፎ ነበር። ማመልከቻው አንድ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ሳለ እኔ ሃያ አንድ ሞላኝ። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ፦ ልጅ የሚባለው ቪዛው በሚሰጥበት ቀን ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስምሽ ተሰርዟል። ይኸው ነው። ዲግሪዬን ጨርሼ ሥራ ያዝኩ። አሁን ተራው የሚጡ ሆነ። እናቴ ደግሞ ሁለቱንም ልጆቼን ጥዬ አልሄድም ብላ ምላለች፤ ሚጡ ከቀረች እሷም ትቀራለች፣ አባቴም ብቻውን ያረጃል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በእነዚህ አስራ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ማክሰኞ የሕክምና ምርመራ፣ ከዚያ በስምንተኛው ቀን ረቡዕ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ።

ቀጠሮዎቹን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፎርሙንም የሞላሁት እኔ ነኝ። የጤና ታሪክ በሚለው ገጽ ላይ ሃያ ስድስት ጥያቄ አለ። ያን ዕለት እናቴ ዕቃ እያጠበች ነበር።

«እማ፣ ከባድ በሽታ ታመሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት ከጠረጴዛው ሳልነሳ።

«ብርድ ብቻ» አለች።

ሃያ ስድስቱንም «የለም» ብዬ አለፍኩ።

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ ሰው ሁሉ ፖስታውን ደረቱ ላይ አቅፏል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የእናቴን ፎቶ ከፖስታው አወጣች። ፎቶውን አየች፣ እናቴን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

«ይህቺ ማን ናት?»

ቀና ብዬ አየሁት። ቅዳሜ ተቀብዬ ሳልከፍተው ነበር ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት። እናቴ ከአፏ በላይ በቀኝ በኩል ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት አላት፤ ምልክቷ ጠፍታለች። ትከሻዋ እንደ ወታደር ትከሻ ቀጥ ብሏል። ከግንባሯም ላይ አስር ዓመት ተቀንሷል።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። ፎቶውን ትንሽ አየችውና «ምነው በሆንኩ!» ብላ ጨመረች።

የካርድ ክፍሏ አልሳቀችም። «የተነካካ ፎቶ አንቀበልም። ዛሬ በፓስፖርቱ እመዘግብዎታለሁ፤ ውጤቱ ከመላኩ በፊት ግን ትክክለኛውን ካላመጣችሁ ፋይሉ አይንቀሳቀስም።»

እናቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ነርሷ ጠራችን። ሰሌዳ ላይ የታሰረ ወረቀት ይዛ በፍጥነት ትጠይቃለች። ስኳር? የለም። ደም ግፊት? የለም። የሚጥል በሽታ? የለም።

«ቲቢ ታመው ያውቃሉ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ለምን እንደዞረች ያኔ አልገባኝም፤ ቶሎ እንድትል ብቻ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት።

«የለም» አለች።

ሚጡ ራጅ ተነስታ በአምስት ደቂቃ ወጣች። እናቴ ተነሳች፣ ወጣች፣ ልብሷን ለበሰች። ወዲያው ራጅ አንሺው በሩን ከፍቶ «እናቴ፣ አንድ ጊዜ ይመለሱልኝ» አላት። እንደገና አወለቀች። ሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ ማንም «ጨርሰዋል» አላላትም። ቁጭ አልን። ከእኛ በኋላ የመጡት ሁሉ እየጨረሱ ሄዱ።

ዶክተሩ ድምፁ ዝግ ያለ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ረጅም ሰው ነው። የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኛ አዞረው። የእናቴ ጎድን ነበር።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ይዩ። ቀኝ ሳንባ፣ ከላይ። ይህ ጠባሳ ነው። ከዚህ በፊት ሳንባዎን ታክመዋል?»

«የለም።»

«አሮጌ ራጅ የለዎትም? የትም ቦታ፣ መቼም የተነሱት?»

«የለም።»

ዶክተሩ እጁን አጣምሮ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ስሚኝ። በአንድ ፎቶ ይህ ጠባሳ የዳነ ይሁን ያልዳነ መለየት አልችልም። አሮጌ ራጅና የሕክምና ካርድ ቢኖር ከዛሬው ጋር አስተያይቼ ካልተለወጠ እንዲሁ ልልከው እችላለሁ። ከሌለ ግን ሦስት ቀን አክታ ይሰጣሉ፤ አክታው ላቦራቶሪ ውስጥ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። ደንቡ ነው።»

«ስምንት ሳምንት የለንም» አልኩ። «እህቴ አስራ ስድስት ቀን ነው የቀራት።»

«ለሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ቃለ መጠይቅ የሚደርሰውን ሁሉ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ እልካለሁ። እስከዚያ እጄ ላይ ያለውን ነው የምጽፈው።»

ከሐኪሙ ክፍል ወጥተን ኮሪደሩ ጫፍ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሚጡ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። እናቴ ሻርፗን ጉልበቷ ላይ አራት ጊዜ አጠፈችው።

«ብርድ አልነበረም» አለች።

«ምኑ?»

«ያኔ፣ አንቺ አስራ አራት ዓመትሽ ሳለ። አክስታችሁ ቤት ስድስት ወር የቆያችሁ ጊዜ። ብርድ አልነበረም።»

ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት ስለሚቀርባችሁ ነው ተብለን ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ ትመጣና ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ብርጭቆዋን ራሷ አጥባ ይዛው ትሄዳለች። እኔ ኩራት መስሎኝ ተቀይሜያት ነበር።

«ታዲያ የታከምሽበት ካርድ አለ ማለት ነዋ!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«አለ። የኔ ስም ግን የለበትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ እናቴ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ነበረች። የምንኖርባት ክፍል አከራይ ደግሞ የሚያስል ተከራይ ካየች ፍራሹን በር ላይ የምታወጣ ሴት ነበረች። ስሟ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ከገባ ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፤ ሥራውም ቤቱም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ስለዚህ የእህቷን መታወቂያ ይዛ ሄደች። መልካቸው ያኔ ይመሳሰል ነበር። ራጁ፣ ካርዱ፣ የስድስት ወሩ መድኃኒት፣ ሁሉም በአክስቴ ስም ነው።

«ለምን ለዶክተሩ አሁን አልነገርሽውም? ለነርሷስ? ስትጠይቅሽ ዓይንሽን ነው እኮ ያየሁት!»

«አንቺ የለም ብለሽ ሞልተሽዋል። ያንቺን ጽሑፍ ፊትሽ ውሸት ላደርገው?»

ምን ይባላል? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው የቪዛ ፎርም ሞልቶ አያውቅም። የእናቴ ውሸት አስራ ሁለት ዓመት ከርሞ ክብደቱ ጨምሮ ነው የመጣው። የኔ ደግሞ ላዩ ላይ ተቀምጦበታል።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ክፍል አላት፤ አንደኛው ውስጥ መኪናዋና የደንበኞቿ ጨርቅ፣ ሁለተኛው ውስጥ አልጋዋ፤ ከጀርባ ጠባብ ማብሰያ ቤት። ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ተከታትለን ስንገባ እግሯን ከመኪናው ላይ ሳታነሳ «እሳቷ መጣች! ውኃ አዘጋጁ!» አለች። እሳቷ እኔ ነኝ።

እናቴ ሁሉንም ቆማ ነገረቻት። አክስቴ ሰማች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «እናትሽ ግን ደብቃ አገኘች። በእኔ ስም።»

«ካርዱ አለሽ አይደል እታለም?» አለች እናቴ።

«አለ። ቁልፍ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ።»

«ራጁስ?»

«ራጁማ ሥራ ላይ ነው።»

ተነስታ ወደ ማብሰያ ቤቱ መራችን። ከምድጃው በላይ ትንሽ መስኮት አለች። መስታወቷ ከተሰበረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እኔ ሳውቃት ሁልጊዜም ግራጫ ነገር ተለጥፎባት ነው። አሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከውጭ ስትመታት ጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። የትምህርት ቤት ልጅ ሳለሁ ስድስት ወር ሙሉ በእናቴ ጎድን ሥር ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ልጫለሁ። ቀና ብዬ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

«ነፋስ ይገባ ነበራ» አለች አክስቴ። «ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ደግሞ ስሜ አለበት፤ የኔ ነው።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። አራቱም ጎን በፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ በዘይትና በጢስ ጠቁሮ ደንጋይ ሆኗል። ጥፍሬን ከታች በኩል አስገብቼ ሳብኩ። አልነቃነቅ አለ። ጠንከር አድርጌ ሳብኩት። ጭርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ስንጥቁ ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ሄደ።

እጄን ከነበረበት አላንቀሳቀስኩም።

«ውረጂ» አለች አክስቴ።

«ሆድ በኩል ነው፣ ሳንባውን አልነካም…»

«ውረጂ አልኩሽ እሳቷ።»

ወረድኩ። አክስቴ ጥጥ በዘይት ነክራ ፕላስተሩን ዙሪያውን አራሰችው። የስፌት መፍቻዋን አመጣች፤ የተበላሸ ስፌት እንደምትፈታ ሁሉ ክር በክር ገባችበት። ሚጡ ከታች ደግፋ ያዘች። አርባ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ከበሩ አጠገብ እጄን ጀርባዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ እጄን ማመን አልቻልኩም። የላይኛው ጥግ ተላቀቀና ፕላስተሩ ሥር ያለው ነጭ ጽሑፍ ታየ። ቀኑ፣ የጤና ጣቢያው ቁጥር፣ የአክስቴ ስም።

እናቴ ራጁን በሻርፗ ጠቀለለችው። «ሐሙስ ከእኛ ጋር ነይ እታለም። ስሙ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ።»

አክስቴ የዘይት እጇን በጨርቅ ትጠርግ ነበር። ጠረጋዋን ሳትጨርስ አቆመች።

«ያ ሆቴል ትዝ ይልሻል? ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ ብዬ የነገርኩሽ?»

«ትተሽው መጣሽ። ሰዓቱ አይመቸኝም ብለሽ።»

«ሰዓቱ ይመች ነበር። የጤና ማረጋገጫ አምጪ አሉኝ። ጤና ጣቢያው ሄድኩ፤ መዝገቡን ገለበጡት፤ የቲቢ ታካሚ ነሽ አሉኝ። ምን ልበል? እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት ልበል? ያኔ አንቺ ሞግዚት ነሽ፤ ልጆች ታቅፊያለሽ።» ጨርቁን አስቀመጠች። «ማረጋገጫው ቀረ፣ ሆቴሉም ቀረ። ስሜን አንድ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ እቴ። አልመለስሽልኝም። ራጁን ውሰዱ፣ ካርዱንም ውሰዱ። እኔን ግን አትጎትቱኝ።»

በመስኮቷ ነፋስ ይገባ ጀመር።

ረቡዕ ከሥራ አስፈቅጄ እናቴን ይዤ አሳማሪው ዘንድ ተመለስኩ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት።

«ማን አሳምርልኝ አለህ?»

«እህቴ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ሆኖ ይሄዳል? ቪዛ ሰጪዎቹም እኮ ዓይን አላቸው።»

«ስላላቸው ነው የመለሱት!»

እየተነጫነጨ አነሳት። ከዚያ ሁለቱን ፎቶዎች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው፤ የሱን ሥራና ዛሬ ያነሳትን። «አንቺው ፍረጂ» አለኝ። «ይህ ትከሻ አያሳፍርም? ልክ አጥንቱ መሃል ላይ ጉብ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ አይታይሽም?»

አየሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቴን ትከሻ አየሁት።

«አትንካው» አልኩት። «እንዳለ አትምልኝ።»

«አትመዋለሁ። የፎቶ ቤቱን ማኅተም ግን ጀርባው ላይ አልመታበትም። ማን አነሳው ቢሏችሁ አታውቁኝም።»

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ክፍል ነበርን። ፎቶው ካርድ ክፍል አለፈ። ዶክተሩ አሮጌውን ራጅ ግድግዳው ላይ ባለው ባለ መብራት ሰሌዳ ላይ ሰቀለው። የዘይትና የጢስ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ይህ የት ነበር?»

«መስኮት ላይ» አለች ሚጡ። በክርኔ ጎሰምኳት።

ዶክተሩ ጥጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ካርዱን አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

«ስሙ የእርስዎ አይደለም እናቴ።»

እናቴ ነገረችው። አከራይዋን፣ ሕፃናቱን፣ መታወቂያውን። ሳታለቅስ፣ ሳትዘል፣ ሁሉንም። ዶክተሩ እስኪያልቅ ጠበቀና ራሱን ነቀነቀ።

«አዝናለሁ። እዚህ ክፍል የጤነኛ ሰው ራጅ ተውሶ የሚመጣ ስንት እንዳለ አያውቁም። ሁሉም ታሪክ አለው። እኔ ታሪክ አላክምም፤ ሳንባ ነው የማክመው። ይህ የእህትዎ ራጅ አለመሆኑን በምን ልወቅ?»

ሰዓቱን አየሁ። አራት ተኩል።

«ትከሻዋን ይዩት» አልኩ።

«ምን?»

«የአንገቷን አጥንት፣ በግራ በኩል። ልጅ ሳለች ተሰብሮ ነበር። ማክሰኞ ያነሳችሁትንና ይህንን ያስተያዩ።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ስክሪኑን አበራና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። አሮጌው ላይ ጣቱን ከአንገት እስከ ትከሻ ሄደበት። መሃል ላይ ጉብታ፤ ከዚያ ቁልቁል። ስክሪኑ ላይም ሄደበት። መሃል ላይ ጉብታ፤ ከዚያ ቁልቁል። ማስመሪያ አወጣና ለካ። እንደገና ለካ።

«ይመሳሰላል» አለ። «በጣም ይመሳሰላል። ግን እህትማማቾች ናችሁ፤ አንድ ቤት አድጋችሁ አንድ ደረጃ ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ስሙ የተጻፈው የሷ ነው። ባለ ስሟን ማየት አለብኝ። ትምጣ።»

«አትመጣም» አለች እናቴ።

ሚጡ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የስልክ ጥሪ ከበሩ ውጭ፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጮኸ።

በሩን ከፈትኩት። አክስቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ለሠርግ ብቻ የምታደርገውን ጫማ አድርጋለች፤ መታወቂያዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ይጮኻል፤ ልታነሳው አልሞከረችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለሽው?»

«ከእናንተ በፊት» አለችና አልፋኝ ገባች። መታወቂያውን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ስሜን ልወስድ ነው የመጣሁት ዶክተር። እኔንም አንሱኝ።»

«ምን ብዬ ላንሳዎት?»

«ሳንባዬንም አጥንቴንም ይዩት። ያ መዝገብ ከሚለኝና ከሱ የቱ እውነት እንደሆነ ይጻፉልኝ።»

ራጅ ክፍሉ ፊት ወረፋ ነበር። አክስቴ ከሰባት ሰው በኋላ ገባች። አምስት ሰዓት ከሩብ። ከዚያ ውጤቱ እስኪመጣ ቁጭ አልን። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ እሷም ጠባሳ ቢኖርባትስ? ስድስት ወር ሙሉ እናቴ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ካርዱንና ብርጭቆውን የነካ እጅ… ሐሳቡን ለማንም አልነገርኩም። እናቴን ሳያት ግን ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ እሷም እዚያው ሐሳብ ላይ ነበረች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተሩ ጠራን። ስክሪኑ ላይ ሦስተኛ ጎድን ተጨምሯል። የአክስቴ አጥንት ከአንገት እስከ ትከሻ ማስመሪያ የተቀመጠ ይመስል ቀጥ ብሏል። ሳንባዋ ሁለት ጥቁር ንጹሕ መስኮት ነው።

«እርስዎ ቲቢ ታክመው አያውቁም» አላት።

«እኔማ አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «ይጻፉት።»

መጻፍ ጀመረ። አንድ ገጽ ሞላ። ሲጨርስ ለእናቴ አዞረላት። «ያንብቡት። ጠባሳው አሮጌና የዳነ ነው፣ በአስራ ሁለት ዓመት አልተለወጠም፣ አክታ አያስፈልግም ብያለሁ። ግን በሌላ ሰው ስም እንደታከሙና ማክሰኞ ስጠይቅዎ የለም እንዳሉም ጽፌያለሁ። እንዲህ ሆኖ ነው የሚሄደው።»

«ይህን ካዩ ልጄን ያስቀሯታል?»

«አላውቅም። ካልጻፍኩት ግን መቅረቷ እርግጥ ነው።»

እናቴ ብዕሩን ያዘች። ፈረመች። እኔ ወረቀቱን ሳብኩና ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስቱን ጥያቄ አንድ በአንድ አልጠየቅኳትም።» ፈረምኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ይበልጥ ጊዜ ወሰደብኝ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ዶክተሩ ላከው።

ኤምባሲው ውስጥ እኔን አያስገቡኝም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። ሚጡ ስትወጣ ፊቷ አይነበብም ነበር።

«ሴትዮዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው» አለች። «ከዚያ ለምን ደበቁ አለቻት እማን።»

«እማስ ምን አለች?»

«ልጆቼ ውጭ እንዳያድሩ አለቻት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሴትዮዋ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ጻፈች። እንደውላለን አሉን።»

እናቴ ከኋላዋ መጥታ ቦርሳዋን በቀኝ ትከሻዋ አንግታ ወደ መኪና መያዣው ሄደች። ሐሙስ አለፈ። ዓርብ አለፈ። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ የለም። እናቴ ስልኩን እንደ ታመመ ልጅ አጠገቧ አስተኝታ አደረች። አባቴ ከዚያ ሆኖ በቀን አምስት ጊዜ እየደወለ መስመር ሲይዝባት «አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን ልቀቅ!» ብላ ዘጋችበት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዘግታበት አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ተደወለ። ሁለቱም ፓስፖርት ላይ ቪዛው ተለጥፏል። ሚጡ ሃያ አንድ ልትሞላ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ቅዳሜ ዕለት መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄጄ ለአክስቴ መስኮት መስታወት አስቆረጥኩ። ልኬቱን ባለፈው በችኮላ በእጄ መዳፍ ወስጄዋለሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ልገጥመው ስል ሁለት ጣት አጠረ።

ከዚያ ነው ያየሁት። መስኮቷ ባዶ አልነበረችም። ሌላ ራጅ ተለጥፎባታል፤ ጥቁር፣ አዲስ፣ ጥጉ ላይ የአክስቴ ስም በትልቁ የተጻፈበት። ከክሊኒኩ አሳትማ ወስዳዋለች።

«አክስቴ፣ ይህ የጤና ማስረጃሽ ነው እኮ! ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«ወረቀቱን አስቀምጫለሁ። ጤና ጣቢያው ሄጄም መዝገቡን አሳርሜያለሁ። ይህን ደግሞ ፋይል ውስጥ ማን ያይልኛል?» ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ጮኸች። «መስታወቱ ገጠመ?»

«አጠረ።»

ከወዲያኛው ክፍል የእናቴ ሳቅ መጣ። ዚፑ የተበላሸ ሻንጣዋን ልታሰፋ ነበር የመጣችው፤ ዚፑን ትታ ትስቃለች። «የቸኮለች…» ብላ ጀመረች።

«አፍሳ ለቀመች፣ አውቃለሁ!»

«ተይው በይ» አለች አክስቴ። «ሰኞ ታስቀይሪዋለሽ። አንቺ የትም አትሄጂ። አሁን ነይና ሽንኩርቱን ላጪ።»

መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከመስኮቷ ሥር ተቀመጥኩ።